አላለቀሰችምና አላመማትም ላሉት ሐኪም

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ሴሚ ታኡአሎ፣ የወረዳችን ሆስፒታል ኃላፊና የመንደራችን ባለማዕረግ አለቃ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በተለይ የእግርዎን ጤንነት እመኛለሁ፤ በእኛ ቤት እግር ደኅና አልሰነበተምና።

ልጄ ሎሳ ትኩሳት ይዟት፣ ቀኝ እግሯን መርገጥ አቅቷት ወደ እርስዎ ስናመጣት ስላደረጉልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በሕዝብ ፊት ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

1ኛ. ከጉልበቷ በታች ያለውን አጥንት በአውራ ጣትዎ ሲጫኑት ልጅቱ ትንፍሽ አላለችም። እርስዎም «አየሽ ማሊያ፣ ምንም አላላትም እኮ! ኳስ ሲጫወቱ ጡንቻዋን ተመትታ ነው። ማታ ማታ በዘይት ብታሺያት ይለቃታል» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ ልጅ በአለቃ ፊት ድምፅ እንዳያሰማ አድርገን የምናሳድግ ሰዎች መሆናችንን ረስተውት ይሆን? እናቴ እርስዎንም እኔንም አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ያስተማረችን ይህንኑ ነበር። ባዕድ ሐኪም ቢሆን ኖሮ ባያውቅ ነው ብዬ እተወው ነበር። የእርስዎ ግን አንጀቴን ቆረጠው።

2ኛ. ኤክስሬዩን አይተው «ንጹሕ ነው» ስላሉን እናመሰግናለን። ሕመሙ እንደጀመረ የሚነሣ ኤክስሬይ አጥንት ውስጥ የገባን ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ እንደማያሳይ፣ ደምም መመርመር እንደሚያስፈልግ የሰማሁት በጀልባ ተሻግሬ ዋና ከተማችን አፒያ ከደረስኩ በኋላ ነው። ደሟን ያልወሰዱት በመርፌ እንዳትወጋ አዝነውላት ይሆናል።

3ኛ. ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ። በኮኮናት ዘይት አሸኋት። ቤታችን ውስጥ አለቃ ስላልነበረ ጮኸች፤ እኔ ግን ሐኪሙ ጡንቻ ነው ብሎኛል እያልኩ እግሯን ጨምድጄ ይዤ አሸሁ። በገዛ እጄ! ይህን ይቅር ልልዎ አልቻልኩም።

አፒያ ያገኘናት ሐኪም የአለቃ ማዕረግ የላትም። ወለሉ ላይ ከልጄ ጎን ተቀምጣ ጣቷን ገና ስታሳርፍ ሎሳ ጩኸቷን አቀለጠችው። ደሟ ተመረመረ፣ ኤምአርአይ ተነሣች፣ ከአጥንቷ በመርፌ መግል ተቀድቶ ጀርሙ ተለየ። እግሯ አልተቆረጠም። አጥንቷ ግን በሚያድግበት በኩል ስለተጎዳ፣ ያ እግሯ ከሌላው እኩል ያድግ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

በፊትዎ አንገቷን ደፍታ ከኖረች፣ ዛሬ ግን ቀና ካለች አብሮ አደግዎ የላቀ አክብሮት ጋር፣
ማሊያ ፋአሶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአካባቢያችን ሌላ ሐኪም ስለሌለ የሎሳ የክትትል ቀጠሮ ከእርስዎ ዘንድ ነው። በእርስዎ ፊት ማልቀስ ይፈቀድላት እንደሆነ ጠይቃኛለች። መልሱን ከእኔ ይልቅ ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላል።