የባሳፓዎች ፋይልና የእኔ መልቀቂያ

ለሂሬሃላ አውራጃ አስተዳዳሪ ጽሕፈት ቤት
ሂሬሃላ

ቀን፦ መስከረም 12 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ ዝውውሬ ከተፈቀደ አሥራ አራት ወር ስላለፈ ከሥራ ቦታዬ እንድለቀቅ ስለመጠየቅ

ክቡር አስተዳዳሪ፣

እኔ አመልካች ሻንታላ ሂሬማት በአውራጃው የመሬት መዝገብ ክፍል የኮምፒዩተር ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ በቤልጋም መምህር ሲሆን የአምስት ዓመት ልጃችን ቺንማዪም ከእሱና ከአያቷ ጋር እዚያው ትኖራለች። ወደ ቤልጋም እንድዛወር ባለፈው ዓመት ሐምሌ ተፈቅዶልኛል። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ግን የክፍሉ ኃላፊ አቶ ቪሩፓክሻ ኡማራኒ እስካሁን አልፈረሙልኝም። ምክንያታቸው ፕሮግራሙን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም የሚል ነው። እውነታቸውን ነው፤ እንዴት እዚህ እንደደረስን ግን እንዲያውቁልኝ እለምናለሁ።

1. በ1986 ሁለት ኮምፒዩተሮች ሲገዙልን፣ የሦስት መቶ አርባ ሺህ ባለይዞታዎችን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም እንዲመርጥ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባተኛዋ እኔ ነበርኩ። ከፑኔ የመጣው ፕሮግራም መልክ የለውም፤ ስም ፈልግ ሲሉት ያዛጋል፤ ነገር ግን ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ የሰጡትን ይቀበላል። ከቦምቤይ የመጣውን ግን ሻጩ ሁለት መቶ ስም አስገብቶ ሞከረልን፤ የጠራውን ስም ወዲያው አወጣው። ሻይና ብስኩትም ይዞ መጥቶ ነበር።

2. ሆኖም የቦምቤዩ አንድ ፋይል ከ65,535 ስም በላይ አይዝም። ሻጩ ይህን አልደበቀንም። «ምን ችግር አለው ጌታዬ? በስም መነሻ ፊደል ትከፍሉታላችሁ» አለና ሦስት መቶ አርባ ሺውን ለሃያ ስድስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት አካፍሎ የሒሳብ ማሽኑን አሳየን። ለአንድ ፊደል አሥራ ሦስት ሺህ ይደርሰዋል። ሰባታችንም ተስማምተን የቦምቤዩ ይገዛ ብለን ፈረምን። እሱ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ አይፈረድበትም። እኛ ግን የቅዱሱን የባሳቫን ስም ለልጁ ያላወጣ ቤት በሌለበት አውራጃ ተወልደን ያደግን ነን። የእኔ የራሴ ሁለት አጎቶች በእሱ ስም ባሳፓ ይባላሉ። ከፈራሚዎቹም ሁለቱ ባሳፓ ነበሩ።

3. የ«B» ፋይል ስም ማስገባት በጀመርን በአሥረኛው ወር ሞላ። ማሽኑ ምንም አላለም፤ አዲስ ስም በገባ ቁጥር ከቀደሙት አንዱን ዝም ብሎ ያጠፋ ጀመር። ይህን ያወቅነው አንድ ሽማግሌ የይዞታ ወረቀት ሊያወጡ መጥተው የሉም በተባሉ ጊዜ ነው። «ልጄ፣ እኔም አለሁ፣ መሬቴም አለ፤ ማነው የለም ያለው?» አሉኝ። የወረቀቱን መዝገብ ገልጬ ስማቸውን አገኘሁት።

4. ከዚያ በኋላ የጠፉትን ከወረቀቱ መዝገብ አንድ በአንድ መለስኩ። ፋይሉን በአባት ስም ልከፍለው አስቤ ነበር፤ የአብዛኞቹ አባቶችም ባሳፓ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ በየመንደሩ ለይቼ በትንንሽ ፋይሎች በተንኩት። ራሴን ያሰርኩት ያን ጊዜ ነው። የትኛው መንደር የት እንዳለ በሁለት ደብተር ጽፌ ኒንጋና ለሚባል ባልደረባዬ ሰጠሁት። ጥቂት ገጽ ገልጦ መለሰልኝ። «አካ፣ እህቴ፣ ይሄንን ከተማርኩማ እኔም ከዚህ ወንበር አልነሳም ማለት ነው» አለኝ። ሌሎቹም ደብተሩን ሲያዩ ሥራ ይበዛባቸዋል።

5. የፑኔው ፕሮግራም እንዲገዛ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። አቶ ኡማራኒ «ሰባት ሰው የፈረመበትን ምርጫ ስህተት ነበር ብዬ ልጻፍ? ተቆጣጣሪ ሲመጣ ማን ሊመልስ ነው?» ብለውኛል። እንደ እርሳቸው አነጋገር መዝገቡ እየሠራ ነው። የሚሠራው እኔ ስላለሁ ነው፤ እኔም የማልሄደው መዝገቡ ስለሚሠራ ነው። ከዚህ የሚያስወጣ በር ፈልጌ አጥቻለሁ፤ መሮኛልም።

ስለሆነም ክቡርነትዎ የሚከተለውን እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። ፕሮግራሙን የመረጥኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ፣ ስድስቱ አባላት በእኔ ምክር ተሳስተው እንደፈረሙ የሚገልጽ ወረቀት ፈርሜ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። እውነት አይደለም፤ ነገር ግን አልክደውም። ጥፋቱ በግል ማኅደሬ ይመዝገብና የፑኔው ይገዛ፤ እኔም ልለቀቅ።

ይህን ያህል የምለምንበትን ምክንያት ልናገር። ወደ ቤልጋም የምሄደው በወር አንድ ቅዳሜ ነው። ባለፈው ስደርስ ልጄ በር ከፍታ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። በቤታችን እንግዳ ሲመጣ እንደሚደረገው፣ ማንም ሳያዛት ውኃ በብርጭቆ፣ የሸንኮራ ጥቁር ስኳር በሰሐን ይዛልኝ መጣች። «ቁጭ በይ፣ መንገዱ ያደክማል» አለችኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝና ብርጭቆውን ተቀበለችኝ።

ውሳኔዎን በአክብሮት እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሻንታላ ሂሬማት