መሃል የተቀበረው ቀጥቃጭ

ጥር 6፣ ቢቸና
ብርድ። የወረዳው ባህል ቢሮ ውስጥ የረባ ሥራ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ስልክ... ለውሃ መስመር ሲቆፍሩ የጥንት መቃብር አገኙ። ነገ የምሄደው እኔ ነኝ።

ጥር 19
ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ባለሙያ ዛሬ መቃብሩን አሳየችን። ንብርብር ነው፤ ከሁሉም በታች ያለው ጥንታዊው ነው። አንድ ሰው መሃል፣ ሌሎቹ ዙሪያውን። መዶሻና ጉጠት አብሮት ተቀብሯል። አንገቱ ላይ ጨሌ።
«ቀጥቃጭ ነው። የተከበረ ሰው ነበር» አለች።
የተከበረ! ቀጥቃጭ!
«አባቴ ሞጣ ውስጥ ቀጥቃጭ ናቸው» አልኳት። ቢሮ ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባልደረባዬ ዞር ብሎ አየኝ። ይየኝ።
«ታዲያ መቼ ነው ወደ ዳር ያወጡን?»
«ከላይ ያሉትን፣ በኋላ የተቀበሩትን እያቸው። መዶሻ የያዙት ዳር ዳሩን ናቸው። ኋላ የመጣ ነገር ነው።»
ኋላ የመጣ... የመጣ ነገር አይሄድም?

የካቲት 2፣ ሞጣ
አባባ በጣም ደክመዋል። ስለ መቃብሩ ነገርኳቸው። ሳቁ።
«የኛ ቦታ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፣ ልጄ።»
«አንቱስ ቦታውን ይፈልጉታል?»
ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ።
«በአጥሩ ሥር የሚወርደው ጎርፍ ነው የሚያስጠላኝ። የእናትሽን መቃብር ጠርጎ ወሰደው። ሄጄ የማለቅስበት አጣሁ።»

የካቲት 11
አባባ አረፉ።

የካቲት 13
ትናንት ቀበርናቸው።
የእድሩ ዳኛ ጋሼ ይታያል አጥሩ ሥር ሊያስቆፍሩ ነበር። «አይሆንም!» ብዬ ሬሳው ፊት ቆምኩ።
«ሐዘን ነው፣ ተዉአት» አሉ ጋሼ ይታያል ለቆፋሪዎቹ።
«ቡዳ መሃል አይቀበርም» አለ አንዱ ከኋላ።
ቄሱን መምሬ አካለ ወልድን ጠየቅኳቸው። «መምሬ፣ መጽሐፍ ይከለክላል?»
«አይከለክልም። ልማድ ነው።»
«ልማድ ከሆነማ ከዚህ የቀደመውን በዓይኔ አይቻለሁ!»
ጎረቤታችን እትዬ ይርጋነሽ ከሴቶቹ መሃል ወጡ።
«መሃል፣ ከባሌ መቃብር አጠገብ ለኔ የተተወ ቦታ አለ። ለአባትሽ ለሐብታሙ ሰጥቻለሁ።»
ዶማ ነጥቄ መቆፈር ጀመርኩ። ብቻዬን... መምሬ ወደ ወንዶቹ ዞሩና «አግዟት እንጂ!» አሉ።

የካቲት 29
የአባባን መቃብር መስቀል ነቅለው ጥለውታል። መልሼ ተከልኩት። ይንቀሉት። እተክላለሁ።

ሚያዝያ 4
ሸክላ ሠሪዋ እማማ ወለተ ኢየሱስ ሞጣ አረፉ። እሳቸውንም ቡዳ ይሏቸው ነበር። ልጃቸው ሰሎሜ ደወለችልኝ። «ነይ፣ አብረሽኝ ቁሚ።» በጠዋት ከቢቸና ተነሳሁ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳሰላስል...
ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጋሼ ይታያል ዶማ ከያዙት ጋር ቆመዋል። ገና የትም አልቆፈሩም። ወደ እኔ ሳይመለከቱ ወደ ሰሎሜ ዞሩ።
«የት ይሁንላችሁ?»
ሰሎሜ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። አልቸኮለችም።
«ጥላ ያለበት» አለች።