መጋዘኑ ውስጥ ለምን ነበርኩ

ሰኞ
ባሌ ይርጋ ዛሬ የኢንሹራንሱን መርማሪ አንቆ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። የኩባንያው ዘበኞች ከንፈሩን ተርትረው ነው የመለሱልኝ። እንዴት አይናደድ። ባለፈው ወር በራችን ላይ ቤንዚን አፍስሰው ቤታችንን ያነደዱት ሰዎች አልተያዙም፤ ኩባንያው ግን «ያቃጠለው ራሱ ባልየው ነው» ብሎ ካሳውን ከለከለን።

ሰበቡ እኔ ነኝ። ያን ሌሊት ግቢ ያለው መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ስለዚህ ተጣልቶ አባሯታል፣ በንዴት ቤቱን ለኩሶ እሳቱ ራሱን ያዘው ይላሉ። መርማሪው ለምን ውጭ እንዳደርኩ ሲጠይቀኝ ዝም አልኩ። የዕብራይስጥ አስተርጓሚው ወንድ ነበር። በወጋችን የወር አበባ ሲመጣ ሴቶች ከቤት እንደምንወጣ ለእሱ እንዴት ልንገረው?

ማክሰኞ
ከሰፈራችን ከኔቬ ያዕቆብ ወደ መሃል ከተማ በአውቶቡስ ወረድኩ። የጠበቃችን የሲቫን ቢሮ ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ነው። እዚሁ አገር የተወለደች የእኛው ልጅ ናት፤ አንቱ ማለት አታውቅም።

«እትዬ፣ ባልሽ አቃጠለ ያሉት የቢቱዋሁ፣ የኢንሹራንሱ፣ ሰዎች ናቸው። ማስረጃ ማምጣት የእነሱ ሥራ ነው፣ ያንቺ አይደለም» አለችኝ።

ካሳውን በከለከሉበት በመጀመሪያው ደብዳቤ ያልጻፉትን ሰበብም አሁን መጨመር አይችሉም አለች። ደስ አለኝ። ግን ተጣልተዋል ያሉት እንዲፈርስ፣ መጋዘን ውስጥ ለምን እንደነበርኩ በራሴ አፍ መናገር አለብኝ። አልችልም አልኳት።

ረቡዕ
ደሜ መጣ። የተጠጋነው የይርጋ ወንድም ቤት ነው፤ በረንዳው ላይ አነጠፍኩ። ይርጋ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ በእነዚህ ቀናት ሰሃን እንኳ ከእጄ አይቀበልም።

ዓይኔን ስጨፍን የዚያ ሌሊት የይርጋ ጩኸት ይመጣብኛል። መስኮቱን በዘነዘና ሰብሬ ገባሁ። ፀጉሩ ይነድ ነበር። በብብቱ ይዤ ስጎትተው መስታወቱ ጀርባውን ሸረከተው፣ የእጄም ቆዳ ተገፈፈ። ራሱን ስቶ ስለነበር ጎረቤት ያወጣው ይመስለዋል። እጄን በሩ አቃጠለኝ አልኩት እንጂ፣ ደም ላይ ሆኜ ነካሁህ አላልኩትም። እነዚያን ሰዎች ባገኛቸው በዚያው ዘነዘና ጭንቅላታቸውን እፈነክተው ነበር።

ሐሙስ
ተናገርኩ። የኩባንያው ሰዎች ሁሉም ወንዶች፣ ይርጋ አጠገቤ፣ ሲቫን እየተረጎመች።

«አልተጣላንም። ደም ላይ ስለነበርኩ ነው መጋዘን ያደርኩት። ከእሳቱ ጎትቼ ያወጣሁትም እኔ ነኝ» አልኩ።

መርማሪው አንገቱን እያሻሸ አቀረቀረ። አለቃው እንደገና እናየዋለን አለ። እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት እንሄዳለን ብላለች ሲቫን። ምን እንደሚሉ እንጃ።

ይርጋን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና በፋሻ የተጠቀለለውን እጄን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። በረንዳ ላይ እንዳደርኩ ያውቃል። እስክንወርድ አልለቀቀኝም።