የዋሴ እጅ

ጥቅምት 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

ዛሬም ክር ሲበጠስ ዋለ። ስቀጥል ስቀጥል ጣቴ ተላጠ። አያንቱ ከጎኔ ካለው ማሽን ሆና "ክሩን ትቀጥያለሽ ወይስ ትለምኚዋለሽ?" አለችኝ። ሳቅን። አለቃችን አቶ ዓባይነህ ሲመጣ ሳቁ ቆመ። ማሽኑን የሚያይ መስሎ ከኋላዬ ቆመና እጁን ወገቤ ላይ አሳረፈ። ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ?

ጥቅምት 7

አቶ ዓባይነህ እሑድ ዓለም ገና ካለው ቤቱ እንድመጣ ነገረኝ። ልብስ የሚያጥብለት አጥቶ ነው አሉ... አልመጣም አልኩት። ፈገግ አለ። "ዋስሽ ማን እንደሆነ ረሳሽው?"

አልረሳሁም። እዚህ ፋብሪካ ቋሚ ሠራተኛ ዋስ ካልሆነው ማንም አይቀጠርም። አጎቴ ጋሽ ካሳሁን ነው ዓባይነህን ለምኖ ያስፈረመልኝ። ዋስትናውን ካነሳ ከበር ውጪ ነኝ። እናቴስ? ከእኔ ሌላ ማን አላት?

ጥቅምት 12

አነሳው። እስከ ወር መጨረሻ ሌላ ዋስ ካላመጣሁ እሰናበታለሁ። የጠየቅሁት ሁሉ ዓባይነህን ይፈራል። አለቀስኩ፣ አልወጣልኝም።

ጥቅምት 14

አያንቱ ጎትታ የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ዳኜ ዘንድ ወሰደችኝ። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኩት። የሠራተኛው አዋጅ እንዲህ ያለውን ነገር በስሙ አይጠራውም አለ። "ግን ያለ በቂ ምክንያት ሊያባርሩሽ አይችሉም። አቤት ማለትም መብትሽ ነው። ምስክር አለሽ?"

አያንቱ አንገቷን ደፋች። ልጆች አሏት... አልፈረድኩባትም። ትንሽ ግን ፈረድኩባት።

ጥቅምት 20፣ እሑድ

አጎቴ ሽማግሌ ሰብስቦ ጠበቀኝ። ገበና በማኅበር አይወራም አለ። ዓባይነህም ተቀምጧል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የፋብሪካው ዘበኛ ኦቦ ገርባ ናቸው። ጥፋቱን ካላመነ እርቅ የለም ብለው ያዙት። ተቅለሰለሰ። "ሰይጣን አሳስቶኝ ነው፣ አጥፍቻለሁ" አለ። ዋስትናውን ሊመልስ፣ ሁለተኛ ላይነካኝ ማለ። ተሳሳሙ ተባልን። ሳምኩት። አፌን ብታጠብ ብታጠብ አልለቅ አለኝ።

ጥቅምት 25

ዋስትናውን መለሰ። እጁንም መለሰ። መጋዘኑ በር አጠገብ ግድግዳ ላይ አጣበቀኝ። "ታርቀን የለ እንዴ?" ይለኛል። ነክሼው አመለጥኩ።

እየሮጥኩ ዳኜ ዘንድ። ሥራ አስኪያጁ ግን እርቁን ቀድሞ ሰምቶ፣ ዳኜ ያስገባልኝን አቤቱታ በሽማግሌ ያለቀ ነገር ነው ብሎ መልሶታል። ዳኜም ተቆጣኝ፤ አቤቱታሽ ሳይሰማ ማን ታረቂ አለሽ አለ። እውነቱን ነው። በገዛ አፌ ይቅር አልኩ፣ በገዛ አፌ መንገዴን ዘጋሁ። ምነው ባልተፈጠርኩ።

ጥቅምት 26

ሥራ አልሄድኩም። እግሬ እምቢ አለ።

ጥቅምት 28

ሥራዬን ለቅቄ ልሰናበት ሄድኩ። ኦቦ ገርባ በር ላይ አስቆሙኝ። ምን ሆነሻል? ሁሉን ነገርኳቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እርቅ ያፈረሰ ሰው የሰደበው ሽማግሌውን ነው። ጥፋቱን በፊቴ አምኗል። የሰማሁትን አልሰማሁም አልልም።"

ያባርሩዎታል አልኳቸው።

"ከዘበኝነት ያባርሩኝ ይሆናል። ከሽምግልናስ ማን ያባርረኛል?"

አጎቴንም ምስክር ሁነኝ አልኩት። ስማችንን አታስጠሪ ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ኅዳር 3

ዳኜ ምስክር አለ ብሎ አቤቱታዬን እንደገና አስገባና ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀረብን። ኦቦ ገርባ ኮፍያቸውን አውልቀው ቃላቸውን ሰጡ። ዓባይነህ፣ ያመንኩት ለእርቅ ብዬ ነው አለ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል አያንቱ ሳትጠራ ተነሣች። "እኔንም" አለች። ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ኅዳር 9

አላባረሩትም። ወደ ጥጥ መጋዘን አዛወሩት። ፍርዱ ይኸው ነው? ሥራዬ ግን አለ። ዳኜ በዓባይነህ ፋንታ የኦቦ ገርባ ዋስትና እንዲያዝልኝ አደረገ። አጎቴ መንገድ ላይ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን?

የካቲት 20

ቋሚ ሆኛለሁ።

ዛሬ ከሱሉልታ የመጣች ልጅ በር ላይ ቆማ ዋስ ስታፈላልግ አገኘኋት። አቶ ዓባይነህ የሚባል ደግ ሰው አለ ብለው ልከዋታል። ይዣት ቢሮ ገባሁ። የቅጥር ጸሐፊው ዋሷ ማነው አለ።

እጄን ዘርግቼ ብዕሩን ተቀበልኩ። ፈረምኩ።