ፊርማ የጠበቀው እግሬ

ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ግዊሊም ፓሪ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ እግርዎም ያለ ግብግብ ጫማዎ ውስጥ እንዲገባ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኢድዋል ቤቫን በዚህ በዌልስ ሸለቆ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ፣ አሁን ልቤ የደከመብኝ ጡረተኛ ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ አዲሱ መመሪያዎ ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ የልብ ክፍላችን ፋርማሲስት ወይዘሪት ኔሪስ የምታዝዘው መድኃኒት ሁሉ ዶክተር ካልፈረመበት እንዳይሰጥ በመወሰንዎ ተደንቄአለሁ። እርግጥ ልጅቷ ማዘዝን የተማረች፣ ፈቃዱም ያላት ናት። የክኒን ከረጢቴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋ፣ «እግዚኦ አቶ ቤቫን፣ ይሄና ይሄ እኮ ስማቸው ነው እንጂ የተለያየው አንድ መድኃኒት ናቸው!» ብላ፣ ሁለት ወር ሙሉ እጥፍ ስውጥ መክረሜን የደረሰችበትም እሷው ናት። ከዚያ በፊት ሦስት ዶክተሮች አይተውኝ ነበር፤ ፊርማቸው ግን በጣም ያምር ነበር።

ሁለተኛ፣ ረቡዕ ዕለት እግሬ እንደ ሊጥ አብጦ ስታየኝ፣ ውሃ የሚያስወጣውን ክኒን መጠኑን ከፍ አድርጋ እዚያው ጻፈችልኝ። ድሮ ቢሆን ከምሳ በፊት እጄ ይገባ ነበር። አሁን ግን የልብ ሐኪማችን እኛ ዘንድ የሚመጡት ሰኞ ሰኞ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ዶክተሮችም «የማላውቀው በሽተኛ ላይ አልፈርምም» ስላሏት፣ ወረቀቱ ተኝቶ ሰነበተ። ልጄ ማይር የተዳረችው ቅዳሜ ነው። ያለ እናት ያሳደግኋትን ልጅ የሠርጉ ጫማ አልገባ ስላለኝ፣ ክንዷን ይዤ በሰፊ የቤት ውስጥ ጫማ ወደ መሠዊያው ወሰድኳት፤ መሐል ላይ ትንፋሼ አጥሮ ስለቆምኩ ኦርጋን መቺው ዜማውን ሁለት ጊዜ ደገመው። ሰው ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አፍሬ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሰኞ ዶክተሩ እኔ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ወረቀቱን አነሡና ወደ ኔሪስ ዞረው፣ «ይበቃዋል ትያለሽ?» አሏት። «ይበቃዋል» አለች። ፈረሙ። ሐሙስ እብጠቱ ጎደለ፣ የሠርጉ ጫማም ልክክ ብሎ ገባልኝ። አሁን ቤት ውስጥ አድርጌው እዞራለሁ።

እንግዲህ ኔሪስ እንደ ቀድሞው እንድታዝዝ ይፍቀዱልን ብዬ በትሕትና እለምናለሁ።

ትንፋሼ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ አክባሪዎ፣
ኢድዋል ቤቫን

ደብዳቤው ካለቀ በኋላ የታወሰኝ፦ እግሬ አብጦ በመጣሁበት በዚያው ረቡዕ ኔሪስ ክፍል በር ላይ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ክኒናቸውን በከረጢት ይዘው፣ «እባክሽ የኔ እመቤት፣ አንድ ጊዜ ብቻ እዪልኝ» ያሉት ሰው እርስዎ እንደነበሩ መግቢያው ላይ ከተሰቀለው ፎቶዎ አውቄአለሁ። ተራዬን የለቀቅሁልዎ እኔ ነኝ። የነገረችዎን እዚያው ተቀብለው ሄዱ ወይስ እስከ ሰኞ ጠበቁ?