የዘጠኝ ቁጥሯ ሴት

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከጠዋቱ 3፡00

ስምንት አንሶላ ታጥቧል። ሦስት ቀርቷል። ፀሐይ የለም፣ ደመናው ከጉና በኩል እየወረደ ነው። የክፍል ቁ.4 እንግዳ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሄዷል፤ ሹፌር ነው፣ ሲመለስ ያመጣዋል። ቁ.9 ግን ዛሬም አልለቀቀችም። አሥራ አንደኛ ቀኗ።

እንግዲህ ስሚኝ ደብተሬ። የፔንሲዮኑ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ያረጀ የእንግዳ መዝገብ ነው ብለው ሊያቃጥሉሽ ሲሉ ያተረፍኩሽ እኔ ነኝ። «የመጡበት»፣ «የሚሄዱበት» በሚለው መስመርሽ ላይ ብሶቴን ብጽፍ አትቀየሚኝም።

ቁ.9 ማለት ሜሮን ናት። ከባሕር ዳር የመጣች። ለሬዲዮ ነው የምትሠራው። ሥራዋ ጉድ ነው፤ ስለ ሆቴል፣ ስለ አልጋ ቤት፣ ስለ አንድ ሌሊት ማደሪያ የተዘፈነ ዘፈን ትሰበስባለች። ሌላ ዘፈን የጠፋ ይመስል! የሚዘፍንላትስ ማን ነው? የእኔው ያየህ። ባሌ። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚሁ በፔንሲዮናችን ግቢ ማሲንቆ የሚመታው ያየህ።

በየቀኑ ከሰዓት በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ እየቀዳ። እኔ ባልዲ ይዤ አልፋለሁ። ዛሬ ነጩን ሸሚዝ ለብሷል፤ የወንድሜ ሠርግ ጊዜ የገዛሁለትን። በሰኞ ምድር!

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። 9፡30

ዘግናኝ ቀን። መጋረጃ እየሰቀልኩ ሁሉንም ሰማሁ። የመኪና ረዳቶች የሚዘፍኑትን ሰጣት። ጣራ ገዳም ሊሳለሙ የሄዱ ሰዎች ዛፍ ሥር አድረው ያወጡትን ሰጣት። የቆሎ ተማሪ ሳለ አጎቱ ያዜመውን፣ ጎጆዬ ጠባብ ናት እግሬ ውጭ ያድራል የሚለውን ሰጣት። ከዚያ ይቺን፦

አልጋውም የብቻዬ ሒሳቡም የእኔ ነው፣
ያለ ሒሳብ ገብቶ የሚነክሰኝ ማነው?

ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋ ወረደ። እሱም አብሮ ሳቀ። እኔ እያለሁ በዚህ ቤት ትኋን የለም! ፍራሹን በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ የማወጣው ማን ሆነና? ግን ያናደደኝ ትኋኑ አይደለም። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜው።

እውነቱን ልንገርሽ። ስምንት ዓመት ስንኖር ለእኔ አንድ ስንኝ አላወጣልኝም። ለደብረ ታቦር ሙሽራ ሁሉ አውጥቷል። ለባጃጅ ነጂ አውጥቷል። ለእትዬ ጥሩወርቅ በግ እንኳ አውጥቷል። ሚስቱን ምን ብዬ ላወድስ፣ ሰው ይስቅብኛል ይላል። ይሳቅበት! ምን አለበት?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ከምሽቱ 12፡15

ዛሬ ገበያ ስለነበር ግቢው ከ10፡00 ጀምሮ ሞልቷል። ያየህ ማሲንቆውን ቃኝቶ ጨርሶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሰምቼው የማላውቀውን አወረደ፦

ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ማን ነው ያነጠፈው፣
ላንድ ሌሊት ነው ብሎ ዕድሜን ያሳለፈው።

ዘጠኝ ቁጥር! በአደባባይ! ሜሮን ስልኳን ወደሱ አስጠግታ አንገቷን ደፋች። ማን ነው ያነጠፈው ይለኛል ደግሞ። እኔ ነኛ! በየጠዋቱ የማነጥፈው እኔ፣ የምትተኛበት እሷ፣ የሚዘፈንላት እሷ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እትዬ ጥሩወርቅ እንኳ፣ ሙገሳ የማይወጣቸው ሴትዮ፣ ጠላቸውን ይዘው ድገመው አሉት።

ቅናት ነው። አልክድም።

እሑድ፣ ግንቦት 10። ከቅዳሴ መልስ

ጠየቅሁት። መንገድ ላይ፣ ነጠላዬን እያስተካከልኩ፣ ግድ እንደሌለው ሰው። ይቺ የዘጠኝ ቁጥር ስንኝ ያንተ ናት ወይ? አይደለችም፣ ተቀብዬ ነው አለ።

ይኼ ተቀበልኩ የሚሉት ነገር! አንቺ ባታውቂው ልንገርሽ። ሰው ከተቀመጠበት ተቀበል ይላል፣ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ቃል በቃል ይመልሰዋል። እምቢ ማለት የለም። ሰጪው ስሜን አትጥራ ካለው ደግሞ ቢገድሉት አይጠራም። የሙያው ሕግ ነው፤ ሕጉን የጣሰ አዝማሪ ከእንግዲህ ማንም ስንኝ አይሰጠውም።

ማን ሰጠህ? አልኩት። ደግሜ ጠየቅሁ። «ስሜን አትጥራ ብለውኛል» አለኝ።

ብለውኛል! ሰማሽ? ብላኛለች ማለት አፈረ። ወይ ብዙ ሰው አስመስሎ ሊያመልጠኝ ነው፣ ወይ ለዚያች ልጅ አንቱታ ተጀምሯል። በሃያ ስድስት ዓመቷ አንቱ! ምሳ አቀረብኩ፣ እኔ አልበላሁም። እሱ እንጀራ ጨመረ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዘዴ መጣልኝ። ሜሮንን ከዘጠኝ አስወጣኋት። ቧንቧው ይፈሳል አልኩ። ውሸቴን ነው፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። አሥራ አራት አስገባኋት፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ። እስቲ ቅዳሜ ቁጥር ሲቀይር እንየው! አሥራ አራት ብሎ ከዘፈነ አለቀ፣ ማስረጃዬን አገኘሁ።

ምንም አልከፋት። አመሰገነችኝ እንዲያውም። አንሶላውን አብራኝ ተሸከመች፣ እህቴ እህቴ እያለች። ክፉ ብትሆን ምን ነበረበት?

ረቡዕ፣ ግንቦት 13። ከምሽቱ 5፡00

በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ሥጋ አለ፤ ወጥ ሠርቼ አሳርሬዋለሁ። ልቤ የት አለና።

እትዬ ጥሩወርቅ ዘጠኝ ቁጥር ለምን ባዶ ሆነ አሉኝ። ያንኑ የቧንቧ ውሸት ደገምኩላቸው። ቁልፉን አምጪ አሉ። ገቡ። ቧንቧውን ከፍተው ሊያጋልጡኝ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ላብ አጠመቀኝ። ቧንቧውን አልነኩም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ረጅም ጊዜ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው። ወጡና ቁልፉን ሰጡኝ። እግራቸውን አሟቸው ይሆናል።

የባሰው ከሰዓት መጣ። ያየህ ባሕር ዳር ሊሄድ ነው። በመጪው ማክሰኞ፣ ከሜሮን ጋር። ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈኖቹን በደንብ ሊቀዳ። አምስት ቀን! እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ፣ ጫማውን እያጸዳ። እኔስ? አላልኩም። ደህና አልኩ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16። 12፡30

አደረግሁት።

መጀመሪያ እሱ። ሜሮን አሥራ አራት ቁጥር ከገባች አምስት ቀኗ ነው፣ እሱ ግን አሁንም ዘጠኝ ቁጥር ይላል! ማስረጃዬ ተበላሸ። ማፈር ሲገባኝ ይብስ ነደድኩ። የመጀመሪያውን አልጋዋን ነው የሚናፍቀው አልኩ። ቅናት የያዘው ሰው ምን ይሳነዋል።

ከእንግዳ መቀበያው ወጣሁ። የቁልፍ ሰሌዳውን ትቼ፣ ሽርጤን እንደታጠቅሁ። መሐል ግቢ ቆሜ፦ ተቀበል!

ሰው ዞረ። ያየህ ደንግጦ መምታቱን አቆመ። ስምንት ዓመት ተቀበል ብዬው አላውቅም። ዓይኑ አይሆንም አለኝ። እኔ ግን ሰጠሁት፦

የዘጠኝ ቁጥሯ ሴት ቁልፉን መልሺልኝ፣
ሰዓትሽ አልፏልና ባሌን ልቀቂልኝ።

እምቢ ማለት አይችልም። ቀስ ብሎ መለሰው። ግቢው ፈነዳ! ፉጨቱ፣ እልልታው፣ ድገመው፣ ድገመው። ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ወይ ደስታዬ! ሜሮንን አየሁ። እየቀዳች ነው፣ እየሳቀች፣ አውራ ጣቷን እያሳየችኝ። አልገባትም! አሥራ አራት ቁጥር ናትና የሚመለከታትም አልመሰላት።

ከዚያ እትዬ ጥሩወርቅን አየሁ። ተነሡ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ጠላቸውን ሳይጨርሱ ወደ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። ያየህ ማሲንቆውን አስቀመጠ። እኔን አላየኝም። ምን አጠፋሁ? ምን አጠፋሁ?

እሑድ፣ ግንቦት 17

ወየው ጉዴ።

ስንኙ የሳቸው ነው። የእትዬ ጥሩወርቅ። ሜሮን ስትቀዳ ከመስኮት ሲሰሙ ሰንብተው፣ ያየህን ጠርተው እኔም አንድ አለኝ፣ ስሜን ግን አትጥራ ብለው ሰጡት። ብለውኛል ነበር ያለኝ። አንድ ትልቅ ሴት አክብሮ ነበር የተናገረው። እኔ ጆሮዬ ቅናት ብቻ ሲሰማ!

ሟቹ ባላቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከጋይንት መጥተው ላንድ ሌሊት ዘጠኝ ቁጥር አረፉ። አልሄዱም። አስከሬናቸው የወጣው ከዚሁ ቤት ነው። ጋይንት ግን ሚስት ነበራቸው። ይኼንን ከተማው አያውቅም። ያየህ ብቻ ያውቃል፣ ስንኙን ሲሰጡት ነግረውታል። እኔ ደግሞ በሕዝብ ፊት ባሌን ልቀቂልኝ አልኳቸው። ሰዓትሽ አልፏል አልኳቸው። ለባልቴት!

ዛሬ ማለዳ ያየህን አስጠርተው ሸጥኸኝ አሉት። ለሚስትህ ነግረህ አሰደብኸኝ አሉት። ሁለተኛ ግቢዬን እንዳትረግጥ። አልነገርኳትም ብሎ ቢምል አላመኑትም። ማንስ ያምነዋል?

ሁሉን ነገር የነገረኝ ማሲንቆውን በጨርቅ እየጠቀለለ ነው። አልጮኸም። ቢጮህ በወደድኩ። ማክሰኞ እሄዳለሁ፣ አምስት ቀን ግን አይደለም አለ። ባሕር ዳር ማሲንቆ የሚፈልግ ቤት ሞልቷል፣ እዚህ ምስጢር አውጪ ከተባልኩ ማን ስንኝ ይሰጠኛል አለ። ትወስድብኛለች ብዬ ስፈራ፣ ገፍቼ የሰጠኋት እኔው ሆንኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

አልጋ አነጠፍኩ። አሥራ አንድ። ቁ.4 ቁልፉን መለሰ። ያየህ እህቱ ቤት ነው ያደረው። ዝናብ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19። 4፡40

ሄድኩ። የግቢውን በር የምናስደግፍበትን ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ደጃፍ ተንበረከክሁ። በሩ ተከፈተ። ድንጋዩን አውርጂው፣ ንጣፉን ትሰብሪብኛለሽ አሉ።

ሁሉንም ተናዘዝኩ። ስለ ቧንቧው። ስለ አሥራ አራት ቁጥር። ስለ ነጩ ሸሚዝ። ያየህ ትንፍሽ እንዳላለ፣ የሳቸውን ነገር ከስንኜ በኋላ እንጂ በፊት እንዳላወቅሁ። በልጅቱ ቀንቼ ነው አልኩ። ለእኔ አንድ ስንኝ አውጥቶልኝ አያውቅም አልኩ። ስናገረው አለቀስኩ።

እሳቸውም ስለ ጋይንቷ ሴት ነገሩኝ። አንድ ጊዜ መጥታ ነበር። በዚያ በር ላይ ቆመች፣ አቧራ ለብሳ። እትዬ ጥሩወርቅ ስድብ ጠብቀው ነበር፣ ጥፊም። እሷ ግን ጤናው እንዴት ነው፣ ሳሉ ተሻለው ወይ ብላ ጠየቀች። ተሽሎታል አሏት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተመለሰች።

«እንዳንቺ ጮኻ ባሌን ልቀቂልኝ ብትለኝ ኖሮ» አሉ፣ «እለቀው ነበር። ዝም ስትል ግን የማትፈልገው መሰለኝ።»

እጃቸውን ሳምኩ። ያየህ ቅዳሜ ሳምንት ይምጣ፣ በሰው ፊት ራሴ ተቀበል እለዋለሁ፣ ያኔ ምስጢር አውጪ የሚለው አይኖርም አሉ። አንቺ ደግሞ አልጋውን ለኔ ተዪው፣ አምስት ቀን ፈቃድ ሰጥቼሻለሁ፣ ሂጂ አሉኝ።

5፡15

ቀሚስ ሁለት። ነጠላ። ሹራብ፤ ባሕር ዳር ይሞቃል፣ ይቅር። የሄደ እንደሆን? አልሄደም፣ ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሣም።

ደህና አልልም ዳግመኛ። መናኸሪያው መሐል እነግረዋለሁ፣ ረዳቶቹ ቢሰሙም ይስሙ፤ ቀንቻለሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ አልለቅህም። ሂጂ ካለኝም አልሄድም። ሜሮን ከሹፌሩ ጎን ትቀመጥ፣ ለቀረጻው ይመቻታል። እኔ ከኋላ ነኝ፣ ከሱ ጋር።

ስምንት ዓመት የሰው ስም ስመዘግብ እኔ አንድ ቀን አልጋ ይዤ አላውቅም። ባሕር ዳር ስንደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ስንት ሰው ናችሁ ትላለች። መልሱን እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ የምሰጣት። ሁለት፣ ባልና ሚስት፣ አንድ አልጋ።