ሜላት ራሷ ትናገር

ጥቅምት 3፣ ሰኞ ጥዋት

ድሪያ ቀሚሶቹን ሰቅዬ ጨረስኩ። አረንጓዴው ከፊት፣ ወርቃማው ከጎን፣ ባለ አበባው በሩ ላይ። የአዋሽ አቧራ ገና አልተነሳም። የሜላት ሻንጣ ከባንኮኒው ሥር ነው፤ ባለፍኩ ቁጥር እግሬን ይመታኛል። ይምታኝ። ደስ ብሎኛል ደብተሬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው። ሰመራ። ነርሲንግ።

እስከ ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ ልጄ ሞዴል ናት ነበር የምለው። ውሸት የለውም። ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ መልበስ፣ መቆም፣ ፎቶ መነሳት። መጀመሪያ የኔን ሱቅ ድሪያ፣ ቀጥሎ የናዝሬት ነጋዴዎችን፣ አሁን የአ.አ.ም። ፎቶዋ የጅቡቲ መንገድ ላይ ባለ ልብስ ሱቅ ሁሉ ተለጥፏል። ሹፌሮቹ መኪና አቁመው፣ እናት፣ ልጅሽን ዲቾቶ አገኘኋት ይሉኛል። ግድግዳ ላይ ማለታቸው ነው።

ካሜራ ፊት ስትቆም አንገቷ ይወጣል፣ ትከሻዋ ይዘረጋል። ካሜራው ሲዘጋ ትጎብጣለች። ቁመቷን የት ትደብቀው? ስሟን ሲጠይቋት ታንሾካሹካለች። ፎቶ አንሺዎቹ እንደዚያ አስለመዷት፦ አፍሽን ግጠሚ፣ ዓይንሽን ስጪኝ። ዋጋውን የምነጋገረው እኔ፣ ቀጠሮ የምይዘው እኔ፣ ሰላምታ እንኳን የምመልስላት እኔ። ለምዝገባ የሄድን ዕለት መዝጋቢው ስሟን ጠየቀ፣ እኔ ነገርኩት። የአባት ስም፣ እኔ። ለምን ነርሲንግ? እኔ። በመጨረሻ ቀና ብሎ አየኝና የምትማረው ማናችሁ ናችሁ አለ። ሳቅን። ሜላት አልሳቀችም።

ደንበኛ መጣ። በኋላ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ፣ አመሻሽ ላይ

ሎግያ፣ እንግዳ ማረፊያ። ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ አያነፍስም። የዚህ አገር ሙቀት የአዋሽን ያስመሰግናል። አውቶቡሱ ውስጥ ሜላት መስኮት ያዘች፣ ቃል አልወጣትም። እኔ ግን ከጎኔ የተቀመጠችውን የጉምሩክ ጸሐፊ የልጅ ልጆች ስም ሁሉ ገዋኔ ሳንደርስ አውቄያለሁ።

ዶርሙ ደህና ነው፣ ከሰመራ መሀል አይርቅም። አብራት የምታድረው መዲና ትባላለች፣ የጭፍራ ልጅ፣ አፋር ናት። ቀጭን፣ ዓይነ ፈጣን። ሻንጣውን ሳናወርድ ሜላትን አልጋ ላይ አስቀመጠችና ዳጉ ጠየቀቻት። አፋር ከመንገድ የመጣ ሰው ሲያገኝ ወሬውን ሳይቀበል አያልፍም፤ ዳጉ የሚሉት እሱን ነው። ከየት ተነሳህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ። አንዱ በተራ ይናገራል፣ ሌላው እህ እያለ ይሰማል። መሀል መግባት የለም።

ሜላት ሰላም ነው አለች። በቃ። መዲና ጠበቀች። ከአዋሽ እስከዚህ ድረስ ምንም አላየሽም? ሜላት ወደኔ ዞረች። ምን ላድርግ፣ ጀመርኩ። የተገለበጠውን ተሳቢ፣ መንገድ የዘጉብንን ግመሎች፣ የጸሐፊዋን የጉልበት ሕመም፣ ሁሉን። መዲና ጨዋ ናት፣ እስክጨርስ እህ ስትል ቆየች። ከዚያ ሳቅ ብላ፣

"እናቴ፣ ያንቺን ሰማሁ። የጠየቅኩት ግን የሷን ነው።"

አፈርኩ። ትንሽ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ከቤ/ክ መልስ

አዋሽ። ቤቱ ሰፋብኝ። ለአንድ ሰው መቀቀል የማላውቅ ሆኜ ሁለት ቀን ያንኑ ሽሮ እየበላሁ ነው።

ሜላት ደውላ አለቀሰች። ክፍል ውስጥ ወንዶቹ ፖስተር ብለው ስም አውጥተውላታል። ሎግያ ያለውን ፎቶዋን አይተው ነው። መምህሩ ጥያቄ ጠይቋት ዝም ብትል አንዱ ከኋላ፣ ፖስተር ይታያል እንጂ አያወራም አለ። ክፍሉ ሳቀ። ያንን ልጅ ባገኘው።

ደግሞ ሌላ አለ። ጥቅምት 24፣ ሰኞ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ክፍሉ ፊት ቆሞ ያስረዳል። ማርክ አለው። የሷ ርዕስ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ነው። ከምቆም ብሞት ይሻለኛል አለች። እኔ ልምጣ አልኳት። ምን ልታደርጊ አለችኝ። ለካ እዚያ ገብቼ አልናገርላትም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ብሩክ ደወለ። አ.አ. የፋሽን ትርኢት የሚያዘጋጀው ልጅ። ትልቅ ነገር ይዟል፣ የውጭ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሜላት ከፊት ትሄዳለች። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ልምምዱ መቼ ነው ብለው፣ ጥቅምት 24 ይጀምራል፣ ወር ሙሉ። ትምህርቷስ አልኩት።

"ማዘር፣ ኮሌጁ የትም አይሄድም። የሞዴል ዕድሜ ግን ይሄዳል።"

ደወልኩላት። የምትለኝን ጠበቅኩ። እንዳልሽ እማ አለች። ያቺ ፖስተር ያሏት ነገር አንጀቷ ውስጥ ገብታለች፤ አ.አ. ብትሄድ ማንም አናግሪኝ አይላትም። ሂጂ ብላት ትሄዳለች፣ ተቀመጪ ብላት ትቀመጣለች። ምን ትፈልጊያለሽ ስላት ዝም።

ጥዋት ትሂድ እላለሁ። እንዲህ ያለ ዕድል ደጅ ድረስ ይመጣል? ከሰዓት ትማር እላለሁ። ነጭ ጋውን ለብሳ ትታየኛለች። መልሼ ትሂድ። ለብሩክ አስቤ እነግርሃለሁ ብያለሁ። ሁለት ቀሚስ በተሳሳተ ዋጋ ሸጥኩ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

አባ ሁመድ መጡ። ግመል ነጋዴው፣ የድሮ ደንበኛዬ። ሽርጥ ሊገዙ። ወደ ሚሌ የሚሄድ መኪና ይጠብቃሉ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ወሬ። ጀመርኩ። ገበያው ቀዝቅዟል፣ የባቡሩ ጣቢያ ጥበቃ ወንድ ልጅ ወለደ፣ ዝናብ የለም። ልጅሽስ አሉ።

ደብተሬ፣ እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነበር። ትምህርቱን ትታ ሄደች አልኳቸው። አባ ሁመድ ቀና አሉ።

"አየሽ ወይስ ሰማሽ?"

ዳጉ ላይ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። በዓይን ያዩት ሌላ፣ በጆሮ የሰሙት ሌላ። እኔ ሽርጡን እያጠፍኩ፣ አባ ሁመድ፣ እናት አይደለሁ እንዴ፣ አየሁ በሉት አልኩ። እህ አሉ። ሽርጣቸውን ይዘው መኪናቸው ላይ ወጡ።

አሁን ስጽፈው ውሸት መሆኑ ታየኝ። ይሁን፣ ማን ያስታውሰዋል።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ማን ያስታውሰዋል ብዬ ነበር።

መዲና ደወለች። ድምፅዋ ደርቋል። እናቴ፣ ሜላት ትምህርት ትታ ሄደች እየተባለ ነው፣ ሜላት ግን እዚህ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ማን ነው ያየው አለችኝ። ከአባ ሁመድ ሚሌ፣ ከሚሌ ሎግያ፣ ከሎግያ የመዲና አጎት ጆሮ። እናቷ በዓይኗ አየች ተብሎ። ወንዶቹም ሰምተው፣ ፖስተሯ ተነሳች እያሉ ይስቃሉ። መዲና፣ ወላሂ እናቴ፣ ዳጉ ላይ ያልሆነ ነገር የተናገረን ሰው ወሬ ከዚያ በኋላ ማንም አይቀበለውም አለች። አባ ሁመድን አሰብኩ። የሰውየው ሀብት ግመሉ ሳይሆን ቃሉ ነው።

የባሰው መጨረሻ ላይ መጣ። ሜላት ምን አለች ብላት፣ እማ ወስናለች ማለት ነው ብላ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው አለችኝ።

የሜላት ስልክ ዝግ። አሁንም ዝግ። አልወሰንኩም እኮ። ፈርቼ ነው የተናገርኩት። ነገ ቅዳሜ አውቶቡሱ ሞልቷል አሉኝ። ሱቁን ከፍቼ ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት። ለማን ላውራ። የምናገረው ሁሉ አስፈራኝ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ፣ ሰመራ

ትናንት የማውቀው ሹፌር በተሳቢው ጋቢና ጫነኝ። ሎግያ አደርኩ። ዛሬ በጥዋት ኮሌጁ በር። አ.አ. ሄዳ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ። የበሩ ጥበቃ ሽማግሌ አፋር ናቸው። የሜላት እናት ነኝ አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ያየሽው አንቺ ነሽ?"

መሬት ብትከፈት በገባሁ። ከዚያ ራሳቸው ነገሩኝ።

ቅዳሜ ሜላት ሻንጣዋን ይዛ በሩ ድረስ መጥታ ነበር። ሽማግሌው አስቆሟት። ሄደች የተባልሽው አንቺ ነሽ፣ ወሬሽ ቀድሞሽ ደርሷል፣ አሁን ደግሞ ከባለቤቱ ልስማ አሏት። ሌሎች ሁለት ሽማግሎች ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ሰላም ነው ብላ ልታልፍ። አይሆንም። ቁጭ በይ፣ ከአዋሽ ከተነሳሽበት ጀምሪ። ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። ጀመረች። መንገዱን፣ ግመሎቹን፣ ክፍሉን፣ ፖስተር መባሏን፣ የአ.አ. ሰውየውን። ማንም አላቋረጣትም፣ ማንም አልጨረሰላትም። እህ ብቻ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። ሽማግሌው፣ ከዚያስ፣ ሄድሽ ወይስ አልሄድሽም አሏት።

አልሄድኩም አለች።

ሻንጣዋን አንስታ ተመለሰች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሽማግሌው ውሃ ሰጡኝና ክፍሉን አሳዩኝ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። የአንዲት ልጅ ድምፅ ይሰማኛል። መጀመሪያ የሷ መሆኑን አላወቅኩም። ጎላ ያለ፣ ሳይቸኩል። አንድ ሕፃን ከዕለተ እሑድ ጀምሮ ታመመ እንበል ትላለች። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ይህን አየሁ። እናቱ ጥዋት አልሸናም አለችኝ፣ ይህን ሰማሁ። ሁሉን እንዲያ እየለየች። ከኋላ አንዱ፣ ፖስተሯ አወራች አለ። ትንሽ ሳቅ። እሷ ግን፣ እስከ ዛሬ ስታየኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ስማ አለችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ በሱ። ቀጠለች። ሰረቅ አድርጌ አየኋት፦ ካሜራ የለም፣ አንገቷ ግን ወጥቷል።

ስትወጣ አየችኝ። ሮጬ አቀፍኳትና ይቅርታዬን ጀመርኩ፣ አባ ሁመድ፣ ሽርጡ፣ ሁሉንም አንድ ላይ። እጄን ያዘች። እማ ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልናገር አለች። መዲና አጠገባችን ቆማ ታየኛለች። ምላሴን ነክሼ ሰማሁ። ብዙ ነገር ነበር፣ ስንቱን አላውቅም ነበር። በምዝገባው ቀን ነርሲንግ ለምን እንደመረጠች ራሷ ልትናገር ተዘጋጅታ ነበር። እኔ ያልኩት ሌላ ምክንያት ነው።

እህ አልኩ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

አዋሽ። አባ ሁመድ ሱቁ ደጃፍ መጡ። ወሬ አልጠየቁኝም። ዋጋ ብቻ። ይህን ያህል ዓመት ስናወራ ኖረን ዛሬ ዋጋ ብቻ። ጎረቤት ነጋዴዎቹን ጠራኋቸው፣ እነሱ ፊት ነገርኩ። ልጄ አልሄደችም፣ እኔም አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ፈራሁ እንጂ፣ አባ ሁመድ የተቀበሉትን ነው ያቀበሉት። ሰውየው መሬት መሬት እያዩ ሰሙ። ፍርሃትሽን ፍርሃት ነው ብትይኝ እኮ እንደዚያው አደርስልሽ ነበር አሉ። ግን ተቀመጡ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ብሩክ ዛሬ ሲደውል ሦስተኛ ጊዜው ነው። ቦታዋን እስከ ነገ ይይዝላታል፣ ክፍያዋንም ጨምሯል። ማዘር እርስዎ እሺ ካሉ እሷ እንቢ አትልም አለኝ። እውነቱን ነው፣ እስከ ባለፈው ወር እውነቱን ነበር። አፌን ከፈትኩ። ውስጤ ገና አንዴ ትሂድ አንዴ ትማር እንደሚል አልደብቅሽም፤ ያ ትርኢት ያምራል፣ ልጄ ከፊት ስትሄድ ማየት እወዳለሁ።

ራሷን ጠይቃት አልኩት። ቁጥሯን ሰጠሁት። ሳቀ። እሷኮ አታወራም ማዘር አለ። ደውልና እይ አልኩት፣ ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲያ ሱቁን ስንት ጊዜ ጠረግኩት መሰለሽ። መደወል አማረኝ። እንዲህ በይው፣ እንዲያ በይው ልላት። ስልኩን ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ካወረድኩት አፌ አያርፍም።

አሁን ጠራ። አወረድኩት። መዲና ናት፣ እየሳቀች ነው። እናቴ፣ ሜላት ከሰውየው ጋር እየተነጋገረች ነው፣ ግማሽ ሰዓት አለፋት፣ ክረምት ላይ ከሆነ እመጣለሁ፣ ትምህርቴን ግን ለማንም ትርኢት አላቋርጥም ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። አሁን ደግሞ ስለ ዋጋው ይከራከራሉ፣ ምን ያህል ልበለው ብለሽ እማን ጠይቂልኝ አለችኝ፣ ወዲያው መልሳ ተይው፣ ራሴ እነግረዋለሁ አለች።

እኔም ተይው አልኩ። ንገሪያት፣ ምንም አልልም። የማልላት ነገር ከበዛ ለደብተሬ እጽፋለሁ።